የትንሿ ጣት ምስክርነት

ደሴ ላይ «እጄን ይደነዝዘኛል» ያለ ሰው ምክር አያጣም። ጎረቤቴ «ብርድ ነው፤ መስኮት ከፍተሽ እየተኛሽ ነው» አለችኝ። ደሴ ላይ ሌሊት መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሰው እስቲ አሳዩኝ! ባለሱቁ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አወጣልኝ። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ «ነርቭ ነው» ብላ ቫይታሚን ቢና ዳይክሎፌናክ ቆጠረችልኝ። እናቴ ጥፋቱን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ጣለች። ቨርጂንያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በቴሌግራም ድምፅ ላከች፤ «አንቺ፣ ዝም ብለሽ ካይሮፕራክተር ጋ ሂጂ! እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። አንገቴን ቋ ሲያደርገው እጄ ወዲያው ተለቀቀ።»

ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ የመጨረሻዋ ምክር ናት። ካይሮፕራክተር የጀርባና የአንገት አጥንትን በእጁ እየተጫነና እያንቋቋ የሚያክም ባለሙያ ነው። እዚህ ከተማ እንዲህ የሚል ታፔላ አይቼ አላውቅም፤ ስልክ ያለው ሰው ግን ሁሉ ሥራቸውን ያውቀዋል። በቲክቶክ ሰው በደረቱ ተኝቶ ጀርባው ሲንቋቋ፣ አንገቱ በድንገት ሲጠመዘዝ፣ ከዚያ እፎይ ብሎ ሲስቅ ያላየ ማን አለ? እኔም ሌሊት እጄ ሲቀሰቅሰኝ እሱን ነበር የማየው። ለተጨነቀ ሰው ከዚያ የተሻለ ማባበያ የለም።

እንጀራዬ ጽሕፈት ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ቤት ውስጥ ክስ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ ይግባኝ፣ የወራሽነት ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ባለጉዳይ ከኋላዬ ቆሞ «እሷን ቃል ጠንከር አድርጊያት» እያለ። ሕመሙ በሥራ ሰዓት ቢመጣ ኖሮ ብዙም ባልገረመኝ። የሚመጣው ግን ሌሊት ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከእንቅልፌ ያባንነኛል። መዳፌ ያበጠ ይመስለኛል፤ መብራት አብርቼ ሳየው ምንም የለውም። ጣቶቼን ይወረኛል፣ ይቆጠቁጠኛል፣ አንዳንዴም ሕመሙ እስከ ክንዴ ይወጣል። ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች አንጠልጥዬ ሳራግፈው ቀስ እያለ ይለቀኛል። ባለቤቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «ደግሞ ጀመረሽ?» ይልና ፊቱን ያዞራል። እየቆየ ቀንም ይመጣብኝ ጀመረ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ሳወራ፣ ሚኒባስ ውስጥ ብረቱን ጨብጬ ስቆም፣ ጀበና ሳንቆረቁር። ስኒ ከእጄ ሲወድቅ እናቴ «ዓይን ነው» ማለት ጀመረች። ምክሮቹ ላይ ሌላ ተጨመረ ማለት ነው።

የአክስቴን ልጅ ነገር ዝም ብዬ አልተውኩትም። ካይሮፕራክቲክ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። መሥራቹ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ይባላል፤ ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ፣ ከዚያ በፊት በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1895 አዮዋ ግዛት ዴቨንፖርት ከተማ ውስጥ ሃርቪ ሊላርድ የሚባል ጆሮው የማይሰማ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ላይ አንድ አጥንት ተጭኖ የመስማት ችሎታውን መለስኩለት አለ። የወሎ ሰው ስለሆንኩ ዓመተ ምሕረቱን ሳይ ሌላ ነገር ነው የታወሰኝ፤ በዚያው ሰሞን ምኒልክ ወደ አድዋ ለመዝመት ነጋሪት አስጎስመው ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዝዘው ነበር። ፓልመር ከዚያ በኋላ ከመቶ በሽታ ዘጠና አምስቱ የሚመጣው ከቦታው ከተንሸራተተ የጀርባ አጥንት ነው እስከማለት ደረሰ። የዛሬዎቹ ካይሮፕራክተሮች ብዙዎቹ እንዲህ አይሉም። አራት ዓመት ገደማ ይማራሉ፤ ከካንሳስ 1913 እስከ ሉዊዚያና 1974 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ፈቃድ ሰጥተዋቸዋል። ለወገብ ሕመም የሚሠሩት ሥራ ከሌላው ሕክምና ጋር ተወዳድሮ የሚያሳፍር እንዳልሆነም ጥናቶች አሳይተዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን እጄ እንጂ ወገቤ አይደለም።

ካይሮፕራክተር የለንም ብንልም፣ እኛስ ማን ቸግሮን? ወጌሻ አለን አይደል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። አጥንት ሲወልቅ የሚመልሱ፣ ከአባታቸው የተማሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚሰለፍላቸው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ እግሩ የተጎዳ እግር ኳስ ተጫዋች ልጅ፣ ከበቅሎ የወደቁ አዛውንት፣ አንገቷ የተቆለፈባት ሙሽራ ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ «ቢስሚላህ» ብለው እጄን ያዙ፤ ከያዙትም በኋላ አልለቀቁትም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እናቴን ዘመድ በዘመድ አግኝተው አወቋት። ምን እንደምሠራ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ቡና ራሴ እወቅጥ እንደሆነ ጠየቁ። ይህን ሁሉ ሲጠይቁ አውራ ጣታቸው ቅቤ በተቀባው መዳፌ ላይ እየሄደ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየሳቡ ቋ፣ ቋ እያደረጉ ነው። «ጅማትሽ ዞሮብሻል ልጄ፤ አብሽሪ፣ ይመለሳል» አሉኝ። ሒሳብ ስጠይቃቸው «የእጅሽን» አሉ።

ያን ሌሊት ተኛሁ። ልዋሽ አልችልም፣ ለወራት ያላገኘሁትን እንቅልፍ ነበር የተኛሁት። ብዙ ሳይቆይ ግን እጄ ያንኑ ሰዓቱን ጠብቆ ቀሰቀሰኝ።

ሳስበው፣ የአክስቴ ልጅ ስለ ካይሮፕራክተሯ የምትነግረኝና እኔ ስለኚህ አባት የምናገረው አንድ ነው። እሷም በየሳምንቱ ትሄዳለች፣ እሷም ስትወጣ ቀልሏት ትወጣለች፣ እሷንም «ከቦታው የሄደ ነገር አለ፣ እመልሰዋለሁ» ይሏታል። ቋ የሚለው ድምፅ ግን የአጥንት መመለሻ ድምፅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲሳብ በኤምአርአይ ቀርጸው እንዳሳዩት፣ መገጣጠሚያው ድንገት ሲላቀቅ በውስጡ ባለው ፈሳሽ መካከል ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ ድምፁ ያኔ ነው የሚሰማው። ያኔ የሚሰማን መፍታታትም እውነት ነው። መታሸት ያሳርፋል፤ ጡንቻ ይላላል፤ የሰው እጅ በሰው እጅ ላይ ሲሆን ሕመም ይቀንሳል። ይህን የሚንቅ ሰው ታሞ አያውቅም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ የመደንዘዙን ምክንያት ያስወግደዋል ወይ ነው።

ሆስፒታል የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ወረፋው የታወቀ ነው፤ እሱን ልዝለለው። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ፋይሉ ላይ እንዳቀረቀረ ነው «ምን ሆኑ?» ያለኝ። እጄን እንደሚደነዝዘኝ ስነግረው ያ ሁሉ መካሪ ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፤ «ትንሿ ጣትዎንስ?»

ትንሿ ጣቴን? አስቤው አላውቅም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ሌሊቱን በሐሳቤ መለስኩት። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣት፣ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት በከፊል። ትንሿ ጣት ግን ምንም የላትም። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

የእጅ ስሜት ለነርቮች ተከፋፍሎ የተሰጠ ርስት አለው። በእጅ አንጓ መሐል የሚያልፈው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ አውራ ጣትን፣ አመልካቹን፣ መሐሉንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ይይዛል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ የኡልናር ነርቭ ድርሻ ናቸው፤ እሱ በክርን ጀርባ ዞሮ፣ በአንጓም በሌላ በር ነው የሚገባው። ስለዚህ ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ክርን ይጠረጠራል፣ ወይም አንገት። አምስቱም ጣቶች በሁለቱም እጅ፣ በእግርም ጭምር ከሆነ ስኳር መመርመር ነው። ትንሿ ተርፋ ሌሎቹ ሲደነዝዙ፣ ያውም ሌሊት፣ ያውም ሲያራግፉት የሚለቅ ከሆነ፣ ካርፓል ተነል፣ ማለትም ሚዲያን ነርቭ አንጓ ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ የሚታነቅበት ሕመም፣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን እጆቼን ጀርባ ለጀርባ አገናኝቼ አንጓዬን ለአንድ ደቂቃ እንዳጎብጥ አደረገኝ፤ ደቂቃው ሳይሞላ ወረረኝ። ይህ ምርመራ በአሜሪካዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ፋለን ስም ይጠራል። ከዚያ አንጓዬን በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረገው፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሐል ጣቴ ነዘረኝ። ይህኛው ደግሞ ጁል ቲኔል የተባለ ፈረንሳዊ የነርቭ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የጻፈው ነው። አንድም መሣሪያ አልተነካም።

ክርኔን አጥፎ ጀርባውን ሲዳብስ፣ ከዚያም እጅጌዬን ሰብስቦ ቆዳዬን ሲያይ ምን እንደሚፈልግ ገባኝ። እኔ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አጠገብ ባለ ከተማ ያደግኩ ሰው ነኝ። ወሎ ውስጥ የደነዘዘ እጅ ያሮጊቶቹን ፊት የሚያጠቁር ነገር አለበት፤ ስሙን ማንም አይጠራም። ቦሩ ሜዳ ለስንት ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የኖረ ስፍራ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይበላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃውም ኡልናርን ነው፣ ነርቡም በክርን ጀርባ ወፍሮ ይዳሰሳል፣ ቆዳ ላይም ስሜት የሌለው የነጣ ወይም የቀላ ቦታ ይታያል። እኔ ጋ አንዱም አልነበረም። ለሚፈራ ሰው ግን ይህን ልጻፍለት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የመድኃኒት ጥምር ሥጋ ደዌን ይፈውሳል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው የሚሰጠው። ፈርቶ የሚዘገይ ነው ጣቱን የሚያጣው።

የስኳርና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ አዘዘልኝ። እንቅርት የሚወጣበት የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም አንጓ ውስጥ ያለው ሁሉ ያብጣል፤ ስኳርም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትም፣ እርግዝናም እንዲሁ። እርጉዞች መጨረሻዎቹ ወራት ላይ እጃቸውን ሲደነዝዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ ይተዋቸዋል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በብዙ ይያዛሉ።

አሁን ወደ አንጓው እንግባ። የእጅ አንጓ ከታች በስምንት ትናንሽ አጥንቶች የተከበበ፣ ከላይ በጠፍጣፋ ጠንካራ ጅማት የተከደነ ጠባብ መተላለፊያ አለው። በዚያ ውስጥ ዘጠኝ ጣት አጣፊ ጅማቶች ያልፋሉ፤ አሥረኛው ተሳፋሪ ሚዲያን ነርቭ ነው። በበዓል ዋዜማ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ማለት ነው፤ ሁሉም ቦታ ይዞ አንዱ በር ላይ ተጨፍልቆ ሐረጎን ይወርዳል። ጅማቶቹ ጠንካራ ናቸው፣ ቢጠባቸውም አይጮኹም። የሚጮኸው ነርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች መተላለፊያው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ግፊቱን ለኩት። ጤነኛ ሰው ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነበር፤ ሕመምተኞቹ ላይ 32። ሕመምተኞቹ አንጓቸውን ወደ ውስጥ ሲያጎብጡ 94፣ ወደ ኋላ ሲቀለብሱ 110 ደረሰ።

እነዚህ ቁጥሮች ለእኔ ከምክሩ ሁሉ በለጡ። ሌሊት ለምን እንደሚብስ ተረዳሁ። ደሴ ላይ እንዴት ነው የምንተኛው? ተጠቅልለን፣ ብርድ ልብሱን አገጫችን ሥር ጨብጠን፣ አንጓችንን አጥፈን ጉንጫችን ሥር ወትፈን። ሙሉ ሌሊት! ጎረቤቴ «ብርድ ነው» ያለችው በዚህ በኩል ሳትስት አልቀረችም፤ ብርዱ ነው የሚያጨብጠን።

ታዲያ በዚህ መሐል የአንገት ቋታ ምን ይሠራል?

ካይሮፕራክተሮቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አላቸው፤ ከመሬት ተነስተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነርቭ ላይኛው ቦታ፣ አንገት አካባቢ ከተጫነ፣ ታችኛው ቦታ ላይ ትንሽ ጫና ብቻ ይበቃዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ድርብ ጭፍለቃ ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ እስከዛሬ ያከራክራል። አንገትም አንጓም የታመመበት ሰው አለ፤ እሱ አይካድም። ከዚያ ተነስቶ ግን የደነዘዘ እጅ ሁሉ አንገቱ ይጠምዘዝ ማለት ሩቅ ዝላይ ነው። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ አልፎ አልፎም ቢሆን ወደ አንጎል ከሚወጣው ደም ሥር መሰንጠቅና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ተመዝግቧል። አንጓዋን ለታመመች ሴት ይህን ዕጣ አላስቆርጣትም።

ጥናት ተደርጓል ወይ? ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው 91 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ኢቡፕሮፌን የሚባል ማስታገሻ እየወሰደ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አሰረ። ሁለተኛው ወገን ካይሮፕራክተር ጋ እየሄደ እጁም ጀርባውም ታሸ፣ ተጫነ፣ አንጓው ላይ አልትራሳውንድ ተደረገለት፤ እሱም ሌሊት ድጋፉን አሰረ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የአክስቴ ልጅ ይህንን ስልክላት «አየሽ፣ ይሠራል!» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከአቤቱታ ጋር ስለምውል ሌላ ነው ያየሁት። በሁለቱም ወገን የቆመ አንድ የጋራ ምስክር አለ፤ የሌሊት ድጋፉ። እሱን ያላሰረ፣ ወይም ምንም ያልተደረገለት ሦስተኛ ወገን በሌለበት ድሉን ለካይሮፕራክተሩ መፍረድ አይቻልም። ለኢቡፕሮፌኑም አይቻልም፤ ዳይክሎፌናክ የምትቆጥርልን ልጅም ትስማ።

ለአክስቴ ልጅ የሚያግዛትንም ማስረጃ አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔን ውስጥ 120 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹ ደግሞ ከአንገት እስከ እጅ የሚደርስ፣ በእጅ የሚደረግ ሕክምና በፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በማሸትና በማንቀሳቀስ በሚያክም ባለሙያ ተሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በእጅ የታከሙት ቀደሙ፤ በስድስት ወርና በዓመቱ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ይህ ያስደሰተኝ ጥናት ነው። የሰለጠነ እጅ አንድ ነገር ይሠራል ማለት ነው። ይሁንና ያንን ያደረጉት ነርቡንና ጅማቱን በመተላለፊያው ውስጥ በጥንቃቄ ማንሸራተትን የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኛ አገርም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ ከአሜሪካ ካይሮፕራክተር ከመመኘት የተመደበ ፊዚዮቴራፒስት መጠየቅ ይቀርባል። ወጌሻውንም ቢሆን አልረግማቸውም፤ ትከሻዬ ቢወልቅ አሁንም ስማቸው ይመጣብኛል። የታነቀ ነርቭ ላይ በአውራ ጣት አጥብቆ መጫን ግን ጭራሽ ማነቅ ነው። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰርማ ስንት ሕፃን እጁንና እግሩን እንዳስቆረጠ የአጥንት ሐኪሞች ያውቁታል።

እናቴ ስለ ኮምፒውተሩ ያለችውም ቢሆን በቀላሉ አይጸድቅም። አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ የራሱን ሠራተኞች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ጥናት፣ ሕመሙ እነሱ ላይ ከሌላው ሕዝብ በልጦ አላገኘም። ይበልጥ የሚከሰሰው ኃይል የሚጠይቅና የሚደጋገም የእጅ ሥራ፣ የሚርገበገብ መሣሪያ፣ የታጠፈ አንጓ ነው። እንግዲህ ክሱን እንደገና ልጻፈው። ከጽሕፈቱ ወንበር ስነሳ ቤት የምሠራውን ማን ቆጠረው? ቡና መውቀጥ፣ ብርድ ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ ሊጥ ማሸት፣ ምጣድ ማንሳት። ባለቤቴ ይህን አንቀጽ ሲያነብ ዝም ብሎ እንዳያልፈው ነው እንዲህ የዘረዘርኩት።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ደግሞ ወጣትነቷን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው የጨረሰችው። የእጅ ነገር ሲነሳ እጇን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም። ለዓመታት ደንዝዟታል፤ ጠበል ገብታለች፣ ታሽታለች፣ «ነርቭ ነው» ተብላ እንክብል ውጣለች፣ ከዚያ ለመደችው። አንድ ቀን መደንዘዙ ትቷት ቢመስላትም ሕመሙ ሄዶ አይደለም፤ ነርቡ መጮኽ አቁሞ ነው። በአውራ ጣቷ ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ ማንሳት፣ ሳንቲም ከጠረጴዛ ማንሳት አቃታት። ዘግይታም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሌሊት ትተኛለች፣ ጣቶቿ ስሜታቸው በከፊል ተመልሷል። ያ ሥጋ ግን አልተመለሰም። በእኔ እምነት ቋታውም ማሸቱም ጉዳታቸው ከሚያደርጉት ይልቅ ከሚያስረሱት ነው፤ ለአንድ ሌሊት ያሳርፉና ዓመቱን ይበላሉ። ስለዚህ ትንሿ ጣቱ ተርፋ ሌሎቹ የሚደነዝዙት ሰው ሁለቱን መዳፎቹን ጎን ለጎን ይዘርጋና በአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ ያስተያይ። አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ዕቃ ከእጁ መውደቅ ከጀመረ፣ ቀጠሮ የሚያስተላልፍበት ጊዜ የለውም።

እኔን ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዘልኝ ድጋፉን ነው። አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ሌሊት ብቻ የሚታሰር፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። መድኃኒት ቤቶች የሚሸጡት ብዙው አንጓን ወደ ኋላ ቀልበስ ያደርገዋል፤ በውስጡ ያለችው ብረት ወጥታ ቀጥ መደረግ አለባት። እንቅልፍ ላይ ሳላውቀው ፈትቼ እጥለው ነበር፤ ቀስ በቀስ ለመድኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «ሌሊት ልትመቺኝ ነው» እያለ ሳቀ። ሌሊቱ በጣም ቀለለኝ፤ ቀኑ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ቀጥሎ እብጠት የሚቀንሰው የኮርቲዞን መርፌ መጣ። እንግሊዝ ውስጥ መርፌውንና ድጋፉን ያወዳደረ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በስድስት ሳምንት መርፌው እንደሚበልጥ፣ በስድስት ወር ግን ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። እኔም ላይ እንዲሁ ነው የሆነው፤ ፈጥኖ አሳረፈኝ፣ አሁን ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው።

የቀረው ቀዶ ሕክምናው ነው። እጅ ብቻ ደንዝዞ፣ ዓይንሽ እያየ፣ ያን የመተላለፊያውን ክዳን ጅማት ይቆርጡታል፤ ነርቡ ቦታ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ክሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል፤ ጭብጥ ጥንካሬው እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። የአክስቴ ልጅ «እጅሽን ለቢላ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ አሁንም ወደ ካይሮፕራክተሯ ትሄዳለች፣ ሌሊት ድጋፍ አሥሪ ብዬ የነገርኳትን ግን ጀምራለች። የትኛው እንደጠቀማት እሷም አትለይም።

ቀጠሮዬን ነሐሴ ላይ አስያዝኩት፤ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ ባለጉዳይ ይቀንሳል፣ ሥራው ይቀዘቅዛል። ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው እህቴ ናት። ችግሩ ቡና የሚወቅጠው ማን ነው የሚለው ነው፤ ቤት ውስጥ እስካሁን እጁን ያወጣ የለም።